ጠዋት የረዘመው ጠፍር

እኔ የታረቀኝ ደምለው የልጅ ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ የርስት ነገር ሳወራ ቃሌን ሁሉ እንዳለ አትመኑ። በእኛ ቤት ድንበር ከተነሣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ እጅ ይወናጨፋል፣ የሞቱ ሰዎች ሳይቀሩ ለምስክርነት ይጠራሉ። ስለ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት የምነግራችሁን ግን እመኑኝ። እማሆይ ዘመዳችን አልነበሩም፤ ከእኛም ከማንም ያተረፉት ነገር የለም። ታሪካቸውን የነገረችኝ የታረቀኝ ሚስት፣ አያቴ ሥራነሽ ናት፤ እሷ ደግሞ ሰው ማመስገን የማይቀናት ሴት ነበረች። የእሳቸው ስም ሲነሣ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ነው የምትጀምረው።

እማሆይ የኖሩት ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጎን በነበረች ጎጆ ነው። አባታቸው ገመድ ጣይ ነበሩ፤ ወንድምና እኅት ርስት ሲካፈል መሬቱን በገመድ እየለኩ የሚከፍሉ ሰው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የገመዱን ሌላ ጫፍ የምትይዝ ሴት ልጃቸው ሆነች። እማሆይም አደጉ፣ አገቡ፣ ባላቸው ሞቱባቸው፣ መነኮሱ፤ ገመዱ ግን ከእጃቸው አልወጣም። ቆባቸውን ደፍተው፣ ከበሬ ቆዳ የተገመደውን ረጅም ጠፍር በትከሻቸው ጠምጥመው ሲያልፉ ጎረምሶቹ «የእማሆይ መቁጠሪያ ከሌላው መነኩሴ ይረዝማል» ብለው ይስቁ ነበር። እሳቸውም ይሰማሉ። «እኔስ ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ፤ የአንተን ኃጢአት ማን ይቆጥረዋል» ብለው ያልፋሉ።

ሰው የሚያምናቸው በከንቱ አልነበረም። ሲመነኩሱ የአባታቸውን ርስት ለእኅታቸው ልጆች ለቀዋል። መሬት የሌለው ሰው መሬት ቢያካፍል ማን ይጠረጥረዋል? በፋሲካ ቅርጫ ሲታረድም ሥጋውን በየመደቡ የሚያስደለድሉት እሳቸው ነበሩ፤ ሥጋ እርም ካሉ ቆይተዋል። ከማይበላ ሰው የተሻለ አካፋይ ከየት ይመጣል። ተዝካር ያለባት ሴት ስንት ጋን ጠላ እንደምትጥል ልትጠይቃቸው ስትመጣ «ስንት ሰው ጠራሽ?» አይሉም። «ከሚመጣው ውስጥ ስንቱ ነው ጠጪ?» ነው የሚሉ። ያችኛዋ ስማቸውን እየጠራች ጠጪዎቹን ስታማ እማሆይ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ጠላው አይተርፍም፣ አያንስም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቁጥርን ለቁጥርነቱ መውደዳቸው ነው። የደብሩ የዜማ መምህር የኔታ አካለ ወልድ ነበሩ። ሁለቱ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንድ ቀን እማሆይ፦

«የኔታ፣ እስኪ እኩል የሆኑ ሁለት የገብስ ፍሬዎች አምጡልኝ» አሏቸው።

«እንዲያ ያለ የለም። አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል።»

«የለም። ሁለት ግን አለ። እኩል የሚባለውም አለ፤ ባይኖርማ እነዚህ እኩል አይደሉም ማለትን ከየት እናመጣው ነበር? ታዲያ የት ነው ያለ?»

የኔታ ጢማቸውን ዳበሱ። «በእግዚአብሔር ዘንድ ነዋ» አሉ።

«እንግዲያ ገመድ ስጥል ወደዚያ ነው የምሄድ» አሉ እማሆይ። «አልደርስም፤ መሄዱን ግን አልተውም።»

አባታቸው ያወረሷቸው አንድ አድካሚ ሥርዓት ነበረ። ረጅም ማሳ ለሁለት ሲከፈል ገመዱ አንድ ጊዜ ከታችኛው ጫፍ ይጣላል። ከዚያ ሰው ሁሉ ማሳውን ሽቅብ ወጥቶ ከላይኛው ጫፍ ይጥላል፤ ተመልሶ ከታች፣ ተመልሶ ከላይ። ሁለቱ ወገን እየተቀራረበ መጥቶ መካከል ላይ ሁለት ገመድ የማይሞላ መሬት ሲቀር የቀረው በእኩል ይከፈልና የድንበሩ ድንጋይ ይተከላል። እንዲህ መመላለስ እግር ይጨርሳል። የታቹን በአንድ ጊዜ፣ የላዩን በአንድ ጊዜ ለክቶ መገላገል ሲቻል ለምን እንዲህ እንደሚደረግ እማሆይም አያውቁም ነበር። አባታቸው እንዲያ ያደርጉ ስለነበር እንዲያ ያደርጋሉ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ በሠራ በሁለተኛው ዓመት ቅድመ አያቴ ደምለው ሞቱ። ሁለት ወንዶች ልጆች ተዉ። ታላቁ እንዳላማው ዱር ቤቴ ብሎ ጮቄ ከገቡት አርበኞች ጋር ነበር። ታናሹ ታረቀኝ፣ የእኔው አያት፣ ቤት ቀርቶ ያርሳል። እንዳላማው ወንድሙን «ምጣድ ጠባቂ» ይለዋል። ታረቀኝ ደግሞ «እሱ በጠመንጃ ታጥቆ የሚበላውን በሞፈር የማበቅል እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ጠቡ ያልበረደውም ለዚሁ ነው። ታረቀኝ ታላቅ ወንድሙን እንደ ደንቡ «አያ» ማለቱን ተወና «ያ ሰውዬ» ይለው ጀመር።

ዋናው ርስታቸው ከወንዙ ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ የሚወጣ አንድ ረጅም ማሳ ነው። ግንቦት ገብቶ መሬቱ ሊታረስ ሲል ሽማግሌ ተሰበሰበ። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ይባላል፤ ያን ቀንም ቀልድ አልነበረም። አያቴ ተነሣና፦

«እኩል ካልደረሰኝ ማርቆስ ወርጄ ለጣሊያኑ ሹም እከሳለሁ» አለ።

ሹሙ ከሳሽን መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር «ወንድምህ የት ነው ያለ?» ብሎ እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባንዳ መንገድ መሪ ይዞ ይመጣል፤ አገሩ ይቃጠላል። ባለፈው በጋ ከወንዙ ማዶ ያለ መንደር እንዲያው ሆኖ ዐመድ ሆኗል። አያቴ ይህን እያወቀ ነው የተናገረው። ደሜ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ግን ያን ቀን አጠገቡ ብሆን አፉን በያዝኩት ነበር።

ለዚሁ ከዱር የወረደው እንዳላማው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ለዚያ የሚወርድ እግር ካለ መንገድ ላይ ይቀራል» አለ። ይኸን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እማሆይን ጥሩ» አሉ። ወንድማማቾቹም እሳቸው በጣሉት ገመድና በወጣው ዕጣ ሊያድሩ ማሉ።

ልኬቱ ሐሙስ ሆነ። ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ሣሩ ርሷል። ማለዳ እማሆይ ጠፍሩን ከታችኛው ጫፍ አስዘርግተው እንደ ልማዳቸው ሽቅብ ሊወጡ ሲሉ እንዳላማው አስቆማቸው።

«እማሆይ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ ሲያመላልሱ አይሮፕላን ቢመጣ በአንድ ቦምብ እናልቃለን። ከታች ስድስት ይጣሉ፣ ከዚያ ወጥተን ከላይ ስድስት። ምን ለውጥ አለው?»

እማሆይ አሰቡ። ለውጡን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሰማዩንም ሕዝቡንም አዩና «እሺ» አሉ።

ከታች ስድስት ገመድ ተጥሎ ምልክት እንደቆመ እውነትም ከማርቆስ በኩል አይሮፕላን ተሰማ። ሰው ሁሉ ጠፍሩን ድንጋይ ካብ ላይ ጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ወይራ ሮጠ። አይሮፕላኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረና ሄደ፤ ግን ማን ደፍሮ ይውጣ? ሲወጡ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ከላይ ስድስት ገመድ ቶሎ ቶሎ ተጣለ። መካከል ላይ የተረፈው መሬት በእኩል ተከፈለ፤ ድንጋዩ ተተከለ። እንዳላማው ለዕጣው የጥይት ቀለህ ሰጠ፣ ታረቀኝ ጠጠር። የኔታ አካለ ወልድ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው፣ የማን የትኛው እንደሆነ ሳያዩ ጣሉ። የታችኛው ለእንዳላማው፣ የላይኛው ለታረቀኝ ወጣ። ተሳሳሙ። አገር እፎይ ብሎ ገባ።

በእማሆይ ደጅ አባታቸው የተከሏቸው ሁለት ድንጋዮች አሉ፤ ዛሬም አሉ፣ ልጆች ይቀመጡባቸዋል። ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው የገመዱ ትክክለኛ ልክ ነው። በማግሥቱ እማሆይ ጠፍሩን እዚያ ላይ ዘረጉት፤ ልክ ነበረ። ሊጠቀልሉት ሲሉ ደርቆ እንጨት መሆኑን እጃቸው ነገራቸው። ትናንት ጠዋት ግን ይኸው ጠፍር እንደ ዓሣ ያሙለጨልጭ ነበር። ወሰዱና ውሃ ውስጥ ዘፈቁት፤ ጥቂት ቆይተው አውጥተው ዘረጉት። ድንጋዩን አንድ ክንድ ያህል አለፈ።

ሥራነሽ ነገሩን ከራሳቸው ነው የሰማችው፤ «እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ» ብለዋታል። ጠዋት በረዘመው ጠፍር የታቹ ተለክቷል፣ ቀን ባጠረው የላዩ። በእያንዳንዱ ገመድ አንድ ክንድ፤ የእንዳላማው ድርሻ ከታረቀኝ ድርሻ በስድስት ክንድ ይበልጣል። አባታቸው ለምን ያደክሟቸው እንደነበርም ያን ጊዜ ገባቸው። አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ ሲጣል ጠፍሩ ቢረዝም ለሁለቱም ይረዝማል፣ ቢያጥር ለሁለቱም ያጥራል። ሥርዓቱ ጠፍሩን አያርመውም፤ ስሕተቱን እኩል ያካፍለዋል።

ይህን መጀመሪያ ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ሰው «ልሳሳት እንደምችል አውቄ ስሕተቴን ራሱን ላካፍለው» ማለቱ እንዴት ያለ ልብ ነው? እኔ ባስታወስኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

እማሆይ ቅዳሜ ለየኔታ ነገሯቸው። የኔታ ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም የፈሪ ፍርሃት አልነበረም።

«እማሆይ፣ የተኛውን አይቀስቅሱ። እንዳላማው ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ደስ ብሎት ገብቷል። ታረቀኝም ዝም ብሏል። ድንበሩ ቢታረም የሚዞረው ስንት ነው?»

«ሦስት ክንድ።»

«ለሦስት ክንድ መሬት ደም ይፍሰስ?»

«ሦስት ክንድ መሆኑን የማውቅ እኔ ነኛ» አሉ እማሆይ። «ታረቀኝ ገበሬ ነው፤ መሬቱን ሲረግጠው መጉደሉን ያውቃል። ስንት እንደጎደለው ግን አያውቅም። ልኩ ያልታወቀ ጉድለት ደግሞ ሲያድር ያድጋል፣ የኔታ። ዛሬ ሦስት ነው፤ ለመስከረም ስንት እንደሚሆን ማን ያውቃል? ሦስት ነው ካልነው ሦስት ላይ ይቆማል።»

እኔ ብዙ ሰው ስለ ፍቅርና ስለ ይቅርታ ሲሰብክ ሰምቻለሁ። ቂምን በቁጥር የሚያስር ሰው ግን ከእሳቸው በቀር አልሰማሁም።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እማሆይ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ቆሙ። እንዳላማውም ከዱር ወርዶ ሲያስቀድስ ነበር፤ ታረቀኝም አለ።

«ሐሙስ ለት ያካፈልሁት እኩል አይደለም» አሉ። «የታችኛው ከላይኛው በስድስት ክንድ ይበልጣል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። እንደገና ይለካ።»

እንዳላማው ፊቱ ጠቆረ። «ዕጣ ወጥቷል እማሆይ። ዕጣ የእግዚአብሔር ቃል ነው። እግዚአብሔርን ሊያርሙት ነው?»

«ዕጣው አልተሳሳተም፣ ልጄ። ዕጣ የተጠየቀው የትኛው ለማን ይሁን ተብሎ ነው፤ መልሷል፣ አይነካም። ስንት ይሁን ተብሎ የተጠየቀው ጠፍሩ ነው። የዋሸ ጠፍሩ ነው፤ ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ትናንት ዝም ይበሉ ያሉት የኔታ አካለ ወልድ ራሳቸው ከእማሆይ ጎን መጥተው ቆሙና «እውነት ነው፤ ዕጣው በቦታው ይቆያል፣ ልኬቱ ይደገም» አሉ። እንዳላማው ጠመንጃውን አንግቶ ሳይሰናበት ሄደ። ይምጣ አይምጣ ያወቀ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት መጣ። ታረቀኝና ሥራነሽም መጡ፤ ሥራነሽ አንድ የተወጠረ ስልቻ አዝላ። ከመጣው ሰው ሁሉ ስንቅ ያሰበች እሷ ብቻ ነበረች። በዚህ ጊዜ ማንም አይቸኩል፣ እግር ቢያልቅም ይለቅ ተባለ። አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ፣ እየተመላለሱ ጣሉ። መካከሉ ሲገኝ አዲሱ ድንጋይ ከአሮጌው ሦስት ክንድ ወደ ታች ወረደ። አያቴ አሮጌውንም አዲሱንም ድንጋይ አየና፦

«በስድስት ክንድ ይበልጣል ብለው አልነበር? ይኸ ሦስት ነው። የቀረው ሦስት የት ገባ?» አለ።

ጉርምርምታ ተነሣ። እውነት ነው፣ ስድስት ብለዋል፣ ሲሉ የደገፉት አሉ። እንዳላማው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «ስድስትም ቢሰጡት አይጠግብም፤ ሁሉንም ይውሰድና ይገላገል» አለ፤ አባባሉ ግን የመስጠት አልነበረም።

ሥራነሽ አንድ ወይራ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ በሶ በውሃ እያሸች ለሰዉ ጭብጦ ትጨብጥ ነበር። እማሆይ ሄደው ከገበታዋ ስምንት ጭብጦ አነሡ። ሰባቱን በእንዳላማው ፊት፣ አንዷን በታረቀኝ ፊት ሣሩ ላይ ደረደሩ።

«ታረቀኝ፣ የወንድምህ ከአንተ በስንት ይበልጣል?»

«በስድስት።»

«እንግዲያ ስድስቱን እንካ።» ስድስቱን ከእንዳላማው ፊት አንሥተው ወደ ታረቀኝ አሻገሩ። አሁን ታረቀኝ ሰባት አለው፣ እንዳላማው አንድ።

«አሁን ደግሞ እሱ ይክሰስህ?» አሉ እማሆይ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ሳቁ እየዞረ መጥቶ አያቴን ራሱን ያዘው፤ እሱ ግን ጢሙን እያሸ ሸሸገው። እማሆይ ስድስቱን ወደ ነበሩበት መለሱ። ከዚያ ሦስቱን ብቻ አሻገሩ። አራት አራት ሆነ።

«ከአንዱ የሚነሣው እዚያው ለሌላው ይጨመራል» አሉ። «ስለዚህ ሦስት ሲሄድ ስድስቱ ይጠፋል። መሬትም እንዲሁ ነው።»

አያቴ ጭብጦዎቹን በዓይኑ ደግሞ ቆጠራቸው። «ይሁን» አለ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ስንት ሰው እንደሰማው አላውቅም፤ እኔ አልሰማሁትም።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እንዳላማው ግን ዓይኑ ስልቻው ላይ ቀርቷል። ያን ሁሉ ጭብጦ አውጥታ እንኳ ስልቻው አልጎደለም።

«ሥራነሽ» አለ፣ «ለአንድ ቀን ልኬት ይህን ያህል በሶ ምን ያደርጋል? ይኸ የሰንባች ስንቅ ነው።»

ሥራነሽ እሱን አላየችውም። እጇ በሶ እንደተለወሰ ወደ እማሆይ ዞረች። «ለማርቆስ ነበር፣ እማሆይ» አለች። «ደጅ ስጠና የምበላው ብሎ ቅዳሜ አስቋጠረኝ። ዛሬ ማለዳ ሊወርድ ነበር። ትናንት እርስዎ ሲናገሩ ሰምቶ ገባና፣ በቅሎዋን አትጫኛት አለኝ።»

የኔታ አካለ ወልድ የሚያማትቡበት እጃቸው ግንባራቸው ላይ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ታረቀኝ ዝም ብሏል ሲባል፣ የአገሩ መቃጠል በአንድ ስልቻ ተቋጥሮ ጓዳ ተቀምጦ ነበር።

«ሃያ ክንድ የወሰደብኝ መስሎኝ ነበር» አለ ታረቀኝ መሬት መሬት እያየ። «መጉደሉን እግሬ ነገረኝ። ከዚያ ባሰብሁት ቁጥር እየጨመረ ሄደ።»

እንዳላማው ጠመንጃውን እንደያዘ ተነሣ። ሥራነሽ እስከ ዕለተ ሞቷ ያችን ቅጽበት ስታወራ ድምፅዋ ይቀንሳል። እማሆይ የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል፤ ጎንበስ ብለው ጠፍራቸውን ይጠቀልሉ ጀመር።

እንዳላማው ጠመንጃውን ወይራው ላይ አስደገፈ። መጥቶ በወንድሙ ፊት ተቀመጠ። ከራሱ አራት ጭብጦ አንዷን አነሣና ገመሳት፤ አልለካትም። ትልቁን ለታረቀኝ ሰጠው፣ ትንሹን ራሱ ቀመሰ። ለረጅም ጊዜ አላመጠ።

«ጨው የለውም» አለ።

«ጨው ያለው ማርቆስ ነው፣ አያ» አለ ታረቀኝ። «እኔ ደግሞ አልሄድሁም።»